በጆሮዬ የሰማሁት ጸናጽል

ደዌን ፈቅዶ፣ ከደዌም አውጥቶ ይህን ዕድሜ የጨመረልኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስቤ ነው። አንደኛው የሚያስለውና ሌሊት የሚያልበው፣ መድኃኒቱን ጀምሮ ሻል ሲለው ሊተወው የሚያስብ ሕመምተኛ ነው። ሁለተኛው «እግዚአብሔር እንደ ጠራኝ በምን አውቃለሁ?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ወጣት ነው። በእኔ ሕይወት ሁለቱ ነገሮች ተጠላልፈው ስለ መጡ፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ መናገር አልቻልሁም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። ደሴ ከተማ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ሆኜ ማኅሌት እመራ ነበር። ከአንዱ የድጓ መምህር ወደ ሌላው ስዞር ያደግሁት ድምፅ ስለ ተሰጠኝ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር በምን እንደ ጠራኝ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በድምፄ ነው የጠራኝ፤ ሌላ ምን ሊኖር ይችላል?

በጽጌ ወራት በአንዱ ማለዳ ደሴ በጉም ተውጣ፣ ከቅጽሩ በር የቆመ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ማየት አይችልም ነበር። ዜማውን ጀመርሁ። ድምፄ እንደ ወትሮው ወደ ጣራው በመውጣት ፈንታ እንደ ራሰ ጨርቅ እግሬ ሥር ወደቀ። ከግራ ወገን የሚቀበለኝ ግራጌታው ደንግጦ ቀና አለና አየኝ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ተቀበለኝ። ከሕዝቡ ማንም አላስተዋለም። እኔ ግን የቀረውን ሰዓት ሁሉ በውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ሆኜ፣ የሌሎችን ድምፅ ከሩቅ እየሰማሁ ጨረስሁ።

በመጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ባለቤቴ ዘነበች ዳማ ከሴ አሸተተችኝ፤ ተልባ በማር አጠጣችኝ። አልለቀቀኝም። ቀጥሎ «እንጥልዎ ወርዷል» የሚል ሰው መጣና እንጥሌን ቆረጠኝ። ለሳምንት ያህል ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ድምፄም ይብሱን ሻከረ። አንድ ክሊኒክ ቶንሲል ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው፣ ማታ ማታ ስለሚያተኩሰኝ፣ ወባ ነው አለ። ጎረቤቱ ደግሞ ከሁሉ የቀለለውን መልስ አገኘ፤ «ግራጌታው በመተት ድምፁን አስሮበት ነው» አለ።

ዘነበች ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። «ሰውዬው የራሱን ድምፅ መች አስተካክሎ ያውቅና ነው? የመሪጌታን አስሮ የት ሊያኖረው ነው፣ ጓሮው?» አለች።

በሕመሜ ወራት የሳቅሁት ያን ቀን ነበር። ነገር ግን ሰውነቴ እየሟሸሸ፣ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ እየፈለገ ሄደ። የማድርበት ሸማ ማለዳ ሲጨመቅ ላብ ያወጣ ነበር። አንድ ቀን የዘነበች ጉትቻ ከጆሮዋ ላይ እንደሌለ አየሁ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር። አክታዬን አስመረመረ፤ ደረቴን ራጅ አስነሣ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ «የኔታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጉሮሮዎም ላይ ደርሷል። ይድናል፤ ግን ቶሎ አይድንም። ወራት ሙሉ በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያም በላይ ክኒን ይኖራል። አንድ ቀን እንኳ ቢያቋርጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነበር። «ድምፄስ?» አልሁት። «ሳንባዎን እናድን፤ ስለ ድምፁ ያኔ እንነጋገራለን» አለ።

የደሴን ብርድና ጉም ሽሽት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ የዘነበች ወንድም ጓሮው ውስጥ አንዲት ክፍል ለቀቀልን። በየማለዳው ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እጠብቅ ነበር። እዚያ ከሁለት ሰዎች ጋር ተዋወቅሁ። አንደኛው አቶ ሰይድ፣ ከቢስቲማ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ ለሕክምናው ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነበር። ሁለተኛዋ አስቴር፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ እንደ ሆነች ሁሉም ያውቃል፤ የጸሎት ቤታቸውን ቀበሌው ካሸገው ከርሟል።

«አብሽሩ የኔታ!» ይለኝ ነበር ሰይድ፣ ክንዱን እየገለጠ። «ይኸ መርፌ ግመል ያስነሣል። እኔ ስመጣ በቃሬዛ ነው፤ ዛሬ የሰው ሚስት መመልከት ጀምሬያለሁ።»

«ዓይንህንም ይወጉልህ እንዴ?» ትለዋለች አስቴር።

በዚያ ሰሞን ሁሉም ይጠራ ነበር። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ይጠራል፤ ሬዲዮኑ «የእናት ሀገር ጥሪ» እያለ ወጣቱን ወደ ጦር ግንባር ይጠራል። ስሙ እንዳይጠራ የሚጸልየው ሰው፣ እንዲጠራ ከሚጸልየው ይበልጥ ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል አስቴር አንድ ማለዳ፣ ጎረቤት ቡና ጠጪ ብሎ እንደ ጠራት ያህል በቀላሉ፣ «ጌታ ስለ ጠራኝ ነው የማስተምረው» ስትል ሰማኋት።

ተቆጣሁ። በእኛ ሥርዓት የሚጠራ ሰው በመምህር ፊት ዓመታት ቆይቶ፣ በጳጳስ እጅ ተባርኮ ነው። በሻከረች ሹክሹክታዬ፣ «እንዴት አወቅሽ?» አልኋት።

ጥቂት አሰበች። «እንጃ መሪጌታ። ፊቴ የመጣውን ትቼ ያለፍሁ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሌላ ምልክት የለኝም» አለች።

መልሷ አነሰብኝ። እኔ የምጠብቀው ከዚህ የሚበልጥ ምልክት ነበር፤ መጣልኝም።

መርፌውን ከጀመርሁ ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ በጆሮዬ ውስጥ ጸናጽል ይሰማኝ ነበር። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ብዙ እጆች በአንድነት ቀስ አድርገው የሚያንቀሳቅሱት ዓይነት ጸናጽል። ጆሮዬን ብደፍነው ይበልጥ ይጠራል። ውጭ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ዘነበችን «ትሰሚያለሽ?» አልኋት፤ አትሰማም። ያኔ ልቤ ቀለጠ። ምድራዊውን ማኅሌት የነሣኝ ጌታ ሰማያዊውን አሰማኝ ብዬ በጉልበቴ ወደቅሁ። ስራመድም መሬቱ እንደ ጀልባ ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር፤ ይህንንም ከሥጋ መላቀቅ የጀመርሁበት ምልክት አድርጌ ወሰድሁት።

መርፌ የሚወጋን ድሬሰር በየማለዳው ይጠይቀን ነበር። «ጆሮው የሚጮኽበት አለ? የሚያዞረው አለ?» እያለ በተርታ ያልፋል። እኔ አንገቴን አቀርቅሬ ዝም እል ነበር። የምሰማው ጩኸት አይደለማ።

ከዚያ ሕልሙ መጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን መንገድ በእግሬ ስወጣ አያለሁ። ጉሙ ከእግሬ በታች ተነጥፏል፤ በላዩ እሄዳለሁ። የቦርከና ወንዝ ከሥሬ ይሰማል እንጂ አይታይም። ከጦሳ ተራራ ወገን አንድ ድምፅ «ገብረ ኪዳን!» ብሎ በክርስትና ስሜ ይጠራኛል። «አቤት!» ብዬ እመልሳለሁ። ከአፌ የሚወጣው የድሮው ድምፄ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ፣ ገደሉን ሁሉ ሞልቶ ይወጣል። በዚያው እነቃለሁ። ሕልሙ ተመላለሰ። ቀን በአግዳሚው ላይ ተቀምጬ እንኳ፣ የሰዎቹ ወሬ እየራቀ ሄዶ ጉሙ ከእግሬ ሥር ሲነጠፍ ይታየኝ ጀመር።

እንግዲህ ግልጽ ነው አልሁ። ድምፄ የተወሰደው ወደ ዝምታ ስለ ተጠራሁ ነው። ገዳም እገባለሁ፤ እመነኩሳለሁ። ሳሉም ቀንሶልኝ፣ ሰውነቴም ሞላ ማለት ጀምሮ ስለ ነበር፣ ለመንገዱ እችላለሁ ብዬ አሰብሁ። ደግሞም ዐቢይ ጾም መግቢያው ነበር። ማለዳ ክኒን ውጦ መጾም፣ በመድኃኒት ተደግፎ ወደ ጠራኝ መሄድ፣ ለእኔ እምነት ማጉደል መሰለኝ። ሕመምተኛ በጾም መድኃኒት እንዲወስድ ለስንቱ ሰው ፈቅጃለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ያ ሕግ ለደካሞች የተሠራ ሆኖ ታየኝ።

ለዘነበች ስነግራት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማነው የጠራዎት?»

«እግዚአብሔር።»

«እኔንስ ማን ጠራኝ?» አለች። «ስንቆርብ ሁለታችንን በአንድ ካባ ሥር አላቆመንም? ያን ጊዜ ሲጠራን አንድ ላይ ጠርቶ፣ አሁን ለብቻዎ ሲጠራዎት ለእኔ አንዲት ቃል ሳይልክብኝ ቀረ?»

ጥያቄዋን እንደ ፈተና ቆጠርሁት። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ጤና ጣቢያ አልሄድሁም። በማግስቱም አልሄድሁም። ሳምንታት አለፉ። ጸናጽሉ እየቀጠነ ሄደ፤ እኔም እንዳይጠፋብኝ ጸሎቴን ጨመርሁ። ዘነበች እህል ስታቀርብልኝ ከወትሮው ይልቅ በጸጥታ ታቀርብልኝ ነበር። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ በየማለዳው ተነሥታ እኔ ሳላያት ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ «ዛሬ ደክሟቸው ነው፤ ነገ ይመጣሉ» እያለች ስሜ እንዳይሰረዝ ትለምን ኖሯል።

የነፍስ አባቴን ልሰናበት ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስወጣ፣ ሐረጎ ላይ ሳል ያዘኝ። በሕልሜ የሄድሁበት ያው መንገድ ነው፤ ጉሙም ነበር። ጋቢዬን ከአፌ ሳነሣው ቀልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «ወየው! የኔ ጌታ፣ ደም እኮ ነው!» ብላ ሻሽዋን ከራሷ ላይ ፈትታ ሰጠችኝ። ስሟን አላወቅሁም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ሻሽ የሰጠችኝ» እያልሁ አነሣታለሁ።

የነፍስ አባቴ አባ ክንፈ ደሴ ከደብሩ ጀርባ ባለች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ደሙን ሲያዩ አልደነገጡም፤ መደባቸው ላይ አስተኙኝና ውኃ ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጸናጽሉን፣ ሕልሙን፣ ገዳሙን። እስክጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ስምህን ሲጠራህ ምን አለ?» አሉኝ።

«ገብረ ኪዳን አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እነቃለሁ።»

«ገዳም ግባ አለህ?»

«አላለኝም።»

«ሚስትህን ተዋት አለህ? መድኃኒቱን ተው አለህ?»

«ይህንንም አላለኝም።»

«እንግዲህ እርሱ የተናገረው ስምህን ብቻ ነው» አሉ አባ። «የቀረውን የጨመርኸው አንተ ነህ። በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ስሙ የተጠራውን ብላቴና ታስተምራለህ አይደል? ሲጠራ ምን አደረገ?»

«ተነሥቶ ወደ ካህኑ ሮጠ።»

«ካህኑስ ምን አለው?»

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳስተማርሁት እግዚአብሔር ያውቃል። እያፈርሁ፣ «ተመልሰህ ተኛ አለው» አልሁ።

«እኔም ካህን ነኝ፤ ያንኑ እልሃለሁ። ተመልሰህ ተኛ። ክኒንህን ዋጥ። ዳግመኛ የሚጠራህ ከሆነ ኮምቦልቻ ድረስ አድራሻህን አያጣውም» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «ጾሙን በተመለከተ ግን የምትጠየቅበት አለህ። ለሌላው የፈቀድኸውን ለራስህ የከለከልኸው ከሌላው የምትበልጥ መስሎህ ነው። ይህ ከሥጋ መብላት ይከፋል።»

በሆስፒታሉ ያው ወጣት ሐኪም ዳግመኛ መረመረኝ። በሽታው ተነሥቷል፤ ጉሮሮዬ ቆስሏል። ያኔ የጸናጽሉን ነገር ነገርሁት። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «መርፌው ነው የኔታ! ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው የጆሮን ሥር ይጎዳል፤ ያስጮኻል፣ ያዞራል። ድሬሰሩ በየቀኑ የሚጠይቃችሁ እኮ ለዚህ ነው። ቢናገሩ ኖሮ ያን ጊዜውኑ እንለውጥልዎ ነበር።»

እውነቱን ልናገር፤ ደም ከተፋሁበት ቀን ይልቅ ያን ቀን አለቀስሁ። የምሕረት ድምፅ ያልሁት የመድኃኒት ጉዳት ነበር። ዘነበች ከኮምቦልቻ መጥታ ከሆስፒታሉ ግንብ ሥር አጠገቤ ተቀመጠች፤ አላባበለችኝም፣ አልወቀሰችኝምም። ብቻ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ቆየች።

መርፌው ቀርቶ ሌላ ክኒን ታዘዘልኝ። ከዚያ በላይ ሐኪሙ አንድ ነገር ከለከለኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪሽር ድረስ መናገር የለብኝም፣ በሹክሹክታም ቢሆን። እንዲህ አድርጎ፣ በገዳም ልፈልገው የሄድሁት ዝምታ በኮምቦልቻ ጓሮ ተሰጠኝ።

ያን ዓመት እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። የማይናገር ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ሰዓት አይኖርም፤ ሁሉ ነገር ቀስ ብሎ በፊቱ ያልፋል። ዘነበች በዓይኔ መናገርን ለመደች፤ ጨው ሲያንስ እንኳ ቅንድቤን አይታ ታውቃለች። ማለዳ ማለዳ ወደ አግዳሚው እሄዳለሁ፤ ክኒናችንን በድሬሰሩ ፊት እንውጣለን፤ የዋንዛው ጥላ ከእግራችን ወደ ደጃፉ ይሳባል። ጸናጽሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ አሁን ግን ምን እንደ ሆነ ስለማውቅ አልሰግድለትም ነበር። ሕልሙ ተመልሶ አልመጣም።

በመካከሉ አስቴር ከወንበሩ ጠፋች። የቀበሌ ሰዎች ቤቷ ሲጸለይ አግኝተው ወሰዷት ተባለ። ሰይድ በየማለዳው የእርሷን ቦታ በከዘራው አጥሮ ማንንም አያስቀምጥበትም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከስታ፣ ፀጉሯ ተቆርጦ መጣችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«የት ከርመሽ ነው?» አላት ሰይድ።

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ወላሂ፣ ክፉ ዘመድ ነው ያለሽ» አለ፤ ከዘራውንም አነሣላት።

የሚቀጥለው ዓመት ጾም ሲጋመስ ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ «ሽሯል» አለ። ድምፄ እንደ ቀድሞው እንደማይሆንም ነገረኝ፤ አልሆነምም። እስከ ዛሬ ማኅሌቱን ግራጌታው ይመራል፣ እኔ ከሚቀበሉት ጋር እቆማለሁ። በዚያን ቀን ግን የተሰነጠቀም ቢሆን ድምፅ እንዳለኝ ማወቄ በቃኝ። ስእለት ገባሁ፤ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያው ድምፅ በሆሳዕና ማለዳ፣ በደብሬ ውስጥ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና እንዲሆን። እስከዚያ አንዲት ቃል አልናገርም። ለአስቴርና ለሰይድ በአመልካች ጣቴ አቧራው ላይ «ሆሳዕና» ብዬ ጽፌ፣ ጉሮሮዬን አሳየኋቸው። አስቴር ለሰይድ አነበበችለት፤ እርሱም «ኢንሻአላህ!» ብሎ ጭኔን መታኝ።

ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው፣ ደጋን ከተባለ አገር የመጣ አንድ ገበሬ በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ አገኘነው። አንገቱ ላይ ማዕተብ አስሯል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሳሉ አግዳሚውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ድሬሰሩ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎለት ውኃውን ሲያቀርብ፣ «እስከ ፋሲካ አልውጥም፤ ጾም ላይ ነኝ» አለ።

«እስከ ፋሲካ አትደርስማ!» አለው ድሬሰሩ፤ ሰልፉ ረጅም ነበርና ወደ ሌላው አለፈ።

ሰይድ ተጠጋው። «አንተ ሰውዬ፣ እኛም ዘንድ ሕመምተኛ ከጾም ነጻ ነው። አላህ አይጠላህም፤ ዋጣት።»

አስቴርም፣ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር በሕይወት እንድትኖርለት ይፈልጋል» አለችው።

ሰውዬው አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። «አንተ እስላም፣ እርሷ ጴንጤ» አለ። «የእኔን ጾም እናንተ ልትፈቱልኝ ነው?» ክኒኑን በመሐረቡ ጫፍ ቋጥሮ ሊሄድ ተነሣ።

ያኔ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ስእለቴን ያውቃሉ። ብቻ አዩኝ፤ ከዚያ አስቴር ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፣ እንዳታስገድደኝ።

ጆሮዬ ውስጥ ያው የመድኃኒቱ ጩኸት ነበር እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ከጦሳ ወገን ስሜን የጠራ የለም። ሰውዬው ጀርባውን አዙሮ ወደ በሩ ሦስት አራት እርምጃ ሄዷል።

«ተመለስ» አልሁ።

ከአፌ የወጣው ነገር ዝገት የያዘ የበር ማጠፊያ ይመስል ነበር። ሰውዬው ዘወር አለ። ድሬሰሩ መርፌውን እንደ ያዘ ቀረ፤ ከሰልፉ አንዱ፣ «ይኸ ሰው ዲዳ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«መሪጌታ ነኝ» አልሁት ለሰውዬው። «የዛሬ ዓመት እንዳንተ አድርጌ ደም ተፍቻለሁ። ዋጠው።»

«ጾም ብፈታስ የኔታ?»

«አትፈታም። ፈታህ ከተባልህም በእኔ ላይ ይሁን፤ እኔ እጠየቅልሃለሁ።»

መሐረቡን ፈታ። ማዕተቡን በአንድ እጁ ይዞ ክኒኑን አፉ ውስጥ ጣለ፤ ውኃውን ጨለጠ፤ መጥቶም በሰይድና በእኔ መካከል ተቀመጠ።

ድሬሰሩ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የኔታ፣ ይህን ሁሉ ወር ዝም ብለው የከረሙት ለዚህችው ነው?» አለኝ።

«ለዚህችው ነው» አልሁት።